«ጌት» ማለት ማግኘት ከሆነ አለቃዬ ምን እያለችኝ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። አንዲት እህታችን አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት፣ ትሠራለች። አንድ ጠዋት ሥራ ስትገባ ኃላፊዋ ነርስ ስለ አንድ አዛውንት እንዲህ አለቻት፦ «ጌት ሂም አፕ፣ ጌት ሂም ድሬስድ፣ ጌት ሂም ቱ ኢት ሰምቲንግ፣ ኤንድ ጌት ሂም ቱ ቴራፒ ባይ ቴን። ኢፍ ሂ ጌትስ አፕሴት፣ ከም ጌት ሚ።» እሷም ግራ ገብቷት ትጠይቃለች፦ «እኛ የተማርነው ጌት ማለት ማግኘት ነው። እዚህ ውስጥ ማግኘት የቱ ጋ ነው? ስድስቱንም ለየብቻ ልሸምድ ወይስ የሚያያይዛቸው ነገር አለ?»

እህቴ፣ ሽምደዳውን ተይው። የሚያያይዛቸው ነገር አለ። ደግሞ አለቃሽ ሳታስበው ሙሉ ትምህርት ነው የሰጠችሽ። አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙዎቹ የሚቸገሩት በከባዱ ቃል አይደለም። ከባዱን መዝገበ ቃላት ገልጠው ያገኙታል። ይቺ አጭሯ ጌት ናት የምታስቸግራቸው፤ ምክንያቱም መዝገበ ቃላት ሲገልጡ አንድ ሙሉ ገጽ ትርጉም ይደረደርላቸውና ከነበሩበት ብሰው ይወጣሉ።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ጌት ውስጥ ለውጥ አለ። አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ከነበረበት ወደ ሌላ ይሻገራል። እጅሽ ላይ ያልነበረ ነገር እጅሽ ሲገባ ጌት ነው፤ ማግኘት የምንለው ይኼኛውን ነው። ደህና የነበረ ሰው ሲታመምም ጌት ነው። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ቤቱ ሲደርስም ጌት ነው። ያልገባሽ ነገር ሲገባሽም እንደዚያው። ትምህርት ቤት የነገሩን አልተሳሳቱም፣ ከብዙዎቹ አንዱን ብቻ ነው የነገሩን።

አሁን የአለቃሽን ንግግር በአማርኛ እንበለው። «አስነሺው፣ አልብሺው፣ የሆነ ነገር እንዲበላ አድርጊ፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ቴራፒ አድርሺው። ከተበሳጨ መጥተሽ ጥሪኝ።» ልብ ብለሽ እዪው። ተነሣ የሚለው አስነሣ ሆነ። ለበሰ የሚለው አለበሰ ሆነ። ደረሰ የሚለው አደረሰ ሆነ። እኛ ለውጡን የምናስገባው ግሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ላይ «አ» ወይም «አስ» እንጨምርና ነገሩ አለቀ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጭማሪ እንደ ልቡ የለውም። ስለዚህ ጌትን ያመጣና ከፊት ያቆማታል። ከጌት ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ደግሞ ለውጡ የምን ዓይነት እንደሆነ ይነግርሻል። ስለዚህ ጌት ስትሰሚ ጆሮሽ እሷ ላይ አይቁም፣ ወደሚቀጥለው ቃል ይለፍ። ትርጉሙ ያለው እዚያ ነው።

አንድ በአንድ እንሂድ።

«ጌት ሂም አፕ» ከአልጋ አስነሺው ነው። ብቻውን ሲሆን፣ «አይ ጌት አፕ አት ፋይቭ» ስትዪ፣ ከአልጋ ተነሣሁ ማለትሽ ነው። ከ«ዌክ አፕ» ጋር እንዳታምታቺው። «ዌክ አፕ» መንቃት ነው፣ «ጌት አፕ» መነሣት። ነቅቶ አንድ ሰዓት አልጋው ላይ የሚተኛ ሰው «ዌክ አፕ» አድርጓል፣ «ጌት አፕ» ግን ገና ነው። እንዳንቺ ሥራ ላይ ይኼ ልዩነት ትልቅ ነው። አዛውንቱን ቀስቅሰሽ ትተሻቸው ከሄድሽ የታዘዝሽውን ግማሹን ነው የሠራሽው።

«ጌት ሂም ድሬስድ» አልብሺው። ይቺኛዋን ረጋ ብለን እንያት፣ ምክንያቱም እኛ ሐበሾች በብዛት የምንሳሳትባት ዓረፍተ ነገር ያለችው እዚህ ጋ ነው። ጌት፣ ከዚያ ሰውየው ወይም ዕቃው፣ ከዚያ የተደረገው ነገር። አማርኛ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደምንናገር አስቢ፦ ልብስ አሰፋሁ፣ ጥርሴን አስነቀልኩ፣ መኪናዬን አሠራሁ፣ ፓስፖርቴን አሳደስኩ። አንዱንም በገዛ እጃችን አልሠራነውም። ሰው ነው የሠራልን። እንግሊዝኛ ላይ ግን ብዙዎቻችን «አይ ፊክስድ ማይ ካር» እንላለን፣ የሚሰማው ሰው ደግሞ ቦኔቱን ከፍተን በመፍቻ የሠራነው ይመስለዋል። ትክክሉ «አይ ጋት ማይ ካር ፊክስድ» ነው፤ «ጋት» የጌት ያለፈ ጊዜ ናት። ፓስፖርቱም «አይ ጋት ማይ ፓስፖርት ሪንዩድ»፣ ጥርሱም «አይ ጋት ማይ ቱዝ ፑልድ»። ጸጉር ቤት ሄደሽ ስትመለሺም «አይ ጋት ማይ ሄር ደን»። አሰፋሁ፣ አስነቀልኩ፣ አሳደስኩ ብለሽ በአማርኛ ካሰብሽ፣ ማለትም ግሱ ፊት ለፊት ያቺ «አስ» ወይም «አ» መጥታ ሌላ ሰው እንዳሠራሽ ከተናገረች፣ እንግሊዝኛው ይቺን መልክ ነው የሚፈልገው። ይኼን ከያዝሽ ትልቅ ነገር ይዘሻል።

«ጌት ሂም ቱ ኢት ሰምቲንግ» እንዲበላ አድርጊ፣ በሌላ አነጋገር አግባቢው፣ ለምኚው። ውስጡ ጥረት አለ። ሰውየው እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ አንቺ ደግሞ ዘዴ ትፈልጊያለሽ። «ሜክ ሂም ኢት» ብትል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያ ማስገደድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ሕግ ለነዋሪዎቹ ብዙ መብት ሰጥቷል፤ አልፈልግም ብሎ እንክብካቤን እምቢ ማለትም መብታቸው ነው። ስለዚህ ጥሩ ነርስ አፏ ላይ «ጌት ሂም ቱ ኢት» እንጂ «ሜክ ሂም ኢት» አይመጣም። አንቺም ስትናገሪ ለዪው። «አይ ሜድ ሂም ኢት» ብለሽ ብታወሪ በጎ ሐሳብሽ ሁሉ ቀርቶ አስገድዳ አበላችው ተብሎ ሊሰማ ይችላል። «አይ ጋት ሂም ቱ ኢት» በዪ፤ አግባብቼ አበላሁት ነው። «ቱ» የምትባለዋን እንዳትረሺ። ጌት «ቱ»ን ይፈልጋል፤ ሜክ፣ ሃቭ እና ሌት ግን አይፈልጉም። «ሃቭ ሂም ኮል ሚ» ማለት እንዲደውልልኝ ንገሪው ብቻ ነው፣ ልመናም ግድም የለበትም።

«ጌት ሂም ቱ ቴራፒ» አድርሺው። ከጌት በኋላ ቦታ ከመጣ ነገሩ መድረስ ወይም ማድረስ ነው። እኛ ደረስኩ ለማለት «ሪች» የምትለዋን እንወዳለን፣ ብዙ ጊዜም «ሪችድ ቱ» እንላለን። «ሪች» «ቱ» አትፈልግም። ደግሞ በተራ ወሬ ላይ «አይ ሪችድ ሆም» የሚል አሜሪካዊ እምብዛም አትሰሚም፤ «አይ ጋት ሆም» ነው የሚሉት። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ያዢ፦ ሆም፣ ሂር እና ዜር ሲሆኑ «ቱ» የለም። «ጌት ሆም»፣ «ጌት ሂር»፣ «ጌት ዜር»። ሌላው በአብዛኛው «ቱ» አለው፦ «ጌት ቱ ወርክ»፣ «ጌት ቱ ዚ ኤርፖርት»።

«ኢፍ ሂ ጌትስ አፕሴት» ከተበሳጨ። ከጌት በኋላ ቅጽል ከመጣ መሆን ነው፤ ቀድሞ እንደዚያ አልነበረም፣ አሁን ሆነ። እዚህ ጋ ደግሞ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። ደከመኝ ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው፦ አሁን ደክሞኛል እና ድካም መጣብኝ። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። «አይ አም ታየርድ» አሁን ያለሁበት ሁኔታ ነው። «አይ ጋት ታየርድ» ድካሙ የመጣበት ቅጽበት ነው። «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» እየደከመኝ ነው፣ ገና አልደረሰም። አለቃሽ «ኢፍ ሂ ጌትስ አፕሴት» ያለችው መበሳጨት ሲጀምሩ ድረሺልኝ ለማለት ነው። «ሂ ኢዝ ጌቲንግ አፕሴት» ብለሽ ከጠራሻት ጊዜ አላት። «ሂ ኢዝ አፕሴት» ካልሽ ነገሩ ደርሷል፣ ሮጣ ነው የምትመጣው። በየቀኑ የምትሰሚያቸው ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። እየመሸ ነው ለማለት «ኢትስ ጌቲንግ ሌት»፣ እየበረደ ነው ለማለት «ኢትስ ጌቲንግ ኮልድ»፣ እየተሻላት ነው ለማለት «ሺ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር»።

ከዚሁ ጋር ጋብቻን ላንሣ፣ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቸገርበት ስለማይ። «አይ ዋዝ ሜሪድ ኢን 2015» ስትዪ ሰሚው በዚያ ዓመት ባለ ትዳር ነበርኩ ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ አሁንስ? የሚል ጥያቄ ሊያስከትልብሽ ነው። ተጋባን ለማለት «ዊ ጋት ሜሪድ ኢን 2015» በዪ፣ ምንም የሚያሻማ ነገር የለውም። አሁን ባለ ትዳር ነኝ ለማለት ደግሞ «አይ አም ሜሪድ» በቂ ነው፣ ጌት አያስፈልግም። ከእገሌ ጋር ተጋባሁ ስለምንል ነው መሰለኝ «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን። «ሜሪድ ቱ» ነው።

«ከም ጌት ሚ» መጥተሽ ጥሪኝ፣ ውሰጂኝ። ሄዶ ይዞ መምጣት ማለት ነው። «ጌት ሚ ኤ ታወል» ፎጣ አምጪልኝ። ልጆችን ከትምህርት ቤት ማምጣትም «ጌት ዘ ኪድስ» ነው። በር ሲንኳኳ «ካን ዩ ጌት ዘ ዶር?» ከተባልሽ ክፈቺ ማለት ነው፣ ስልክ ሲጮኽ «ካን ዩ ጌት ዛት?» ከተባልሽ አንሺ ማለት ነው። ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ «አይ ጋት ኢት» ወይም «አይ ጋት ዚስ» የሚልሽ ሰው ካለ እኔ እከፍላለሁ ነው ያለሽ። እንደኛ አገር እጅ ለእጅ ተያይዞ ግብግብ አይጠብቅም፤ «ታንክ ዩ» ብለሽ በሚቀጥለው አንቺ ትከፍያለሽ።

እነዚህ ስድስቱ ናቸው። ግን አለቃሽ ያልነካቻቸው፣ ሥራ ቦታ ላይ በየቀኑ የሚመጡብሽ ሌሎች አሉ።

አንዱ ተገብሮ ነው። ተከፈለኝ፣ ተባረረ፣ ተጎዳ፣ ተዘረፈ። እኛ «ተ» የምንለውን እንግሊዝኛ በወሬ ላይ በጌት ይለዋል፦ «አይ ጋት ፔይድ»፣ «ሂ ጋት ፋየርድ»፣ «ሺ ጋት ኸርት»። መኪና ስትነጂ ፖሊስ ካስቆመሽ «አይ ጋት ፑልድ ኦቨር»፣ ከቀጣሽ «አይ ጋት ኤ ቲኬት»። የሚደረገው ስህተት ጥያቄው ላይ ነው። «አር ዩ ጌት ፔይድ?» አይባልም። ጌት ራሱ ግስ ስለሆነ ረዳቱ «ዱ» ነው፦ «ዲድ ዩ ጌት ፔይድ?»፣ «ዌን ዱ ዊ ጌት ፔይድ?» በተመሳሳይ «አይ አም ጌት» የሚባል ነገር የለም። ወይ «አይ ጌት» ነው ወይ «አይ አም ጌቲንግ»።

እዚሁ ላይ በጣም የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ድርጅቱ ሥራ ቀንሶ ካስወጣሽ «አይ ጋት ሌይድ ኦፍ» በዪ። «አይ ጋት ፋየርድ» አትበዪ። እኛም እኮ ተቀነስኩ እና ተባረርኩ ብለን እንለያቸዋለን፤ እንግሊዝኛ ላይ ስንመጣ ግን «ፋየርድ» ቀድሞ አፋችን ላይ ይመጣል። «ፋየርድ» ማለት በጥፋትሽ ወይም በሥራሽ ድክመት አስወጡሽ ማለት ነው። የሥራ አጥ ክፍያ ስትጠይቂ ከሚጠይቁሽ አንዱ ከሥራ ለምን ወጣሽ ነው፣ ሁለቱ መልሶች ደግሞ እኩል አይታዩም። ቀጣዩ ቀጣሪሽም እንደዚያው ነው የሚሰማው።

ሁለተኛው «ጌት ቱ» እና «ጋት ቱ» ነው። ይኼ ከሁሉ ይበልጥ ያደናግራል፣ ግን አማርኛችን ደህና መፍትሔ አለው። «አይ ጌት ቱ ጎ ሆም ኧርሊ ቱዴይ» ደስ የሚል ዜና ነው፦ ዛሬ በጊዜ የመውጣት ዕድል አገኘሁ። «አይ ሃቭ ጋት ቱ ጎ ሆም ኧርሊ» ግዴታ ነው፦ በጊዜ መሄድ አለብኝ። ሁለተኛውን ሰዎች ሲያፈጥኑት «ጋራ» ይሆናል፦ «አይ ጋራ ጎ»። ታዲያ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው «አይ ጋት ቱ ሲ ማይ ማዘር» ካለሽ ምን ማለቱ ነው? ግዴታ እንዳይመስልሽ። እናቴን ለማየት በቃሁ ነው ያለሽ። «ለ… በቃሁ» የምንላት አነጋገር ለዚህኛው ጌት ልክ ናት። ዕድሉ አለ፣ ምስጋናውም አለ። ልዩነቱን የምትለዪው እንዲህ ነው፦ ባለፈ ነገር ላይ «ጋት ቱ» ከሰማሽ በአብዛኛው ዕድል ነው፤ ገና ስለሚደረግ ነገር ከሆነ ግዴታ ነው። ያለፈ ግዴታ ሲሆን «ሃድ ቱ» ይላሉ።

ሦስተኛው መረዳት ነው። ገባኝ ለማለት «ጋት ኢት»። አለቃሽ ትእዛዝ ሰጥታሽ ስትጨርስ በጣም ጥሩው መልስ ይኼ ነው፤ አጭር ነው፣ አክብሮትም አይጎድለውም። «አይ ጌት ኢት» ግን ተጠንቅቀሽ ነው። ለሐዘንተኛ ወይም ለተቸገረ ሰው ለስለስ አድርገሽ ስትዪው ስሜትሽ ይገባኛል ማለት ነው፣ ያማረ ንግግር ነው። ለአለቃሽ ፈጠን አድርገሽ ስትዪው ደግሞ በቃ ገባኝ አትድገሚብኝ ሊመስል ይችላል። ካልገባሽም አትሸፋፍኚው፦ «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት» በዪ፣ ደግማ ትነግርሻለች። የሰው ጤና እጅሽ ላይ ነው፣ ያልገባሽን ገባኝ ብሎ መሄድ አያዋጣም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽ ነገር ልንገርሽ፦ ድምፁ። ምናልባት ችግርሽ ትርጉሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። አሜሪካኖች የጌትን «ት» ከኋላዋ አናባቢ ሲመጣ እንደ «ት» አይሏትም። ምላሳቸው ላንቃቸውን ለአፍታ ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ እሱም ለእኛ ጆሮ ቁጭ «ር» ነው። «ጌት ኢት» የሚለው «ጌሪት» ይሆናል። «ጌት አውት» «ጌራውት»፣ «ጌት አፕ» «ጌራፕ»። በዚህ ላይ «ሂም» ፈጠን ሲባል «ህ»ዋን ትጥላለች። ስለዚህ አለቃሽ «ጌት ሂም አፕ» ስትል አንቺ ጆሮ የሚደርሰው «ጌሪማፕ» ነው። አንድ ቃል! እንዲህ የሚባል ቃል ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ብዙ ሰው እንግሊዝኛ አይገባኝም የሚለው ቃሉን ስለማያውቅ ሳይሆን እንዲህ ተጣብቆ ሲመጣ ስለማይለየው ነው። ጥሩው ነገር ደግሞ እኛ ያቺን ቀላል «ር» ከልጅነት ጀምሮ አፋችን ላይ አለች፣ ስለዚህ አንቺም እንደነሱ ለማለት አትቸገሪም። «ጌሪት፣ ጋሪት፣ ጌራፕ» እያልሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። አፍሽ ሲለምደው ጆሮሽ ይከተላል።

ከኋላ ትንንሽ ቃል የሚለጠፍባቸው ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። የሚጠቅሙሽን ጥቂቱን ብቻ። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ላይ ስትሳፈሪ «ጌት ኦን»፣ ስትወርጂ «ጌት ኦፍ»። ታክሲና የቤት መኪና ላይ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት»። ለመለየት ቀላል ነው፤ ቆመሽ የምትራመጂበት ከሆነ «ኦን»፣ ጎንበስ ብለሽ ገብተሽ የምትቀመጪበት ከሆነ «ኢን»። ከሥራ መውጣትም «ጌት ኦፍ» ነው፦ «አይ ጌት ኦፍ አት ስሪ» ከሥራ የምወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዎች «ዌን ዱ ዩ ጌት ኦፍ?» ሲሉሽ የት ትወርጃለሽ ያሉሽ እንዳይመስልሽ። «ጌት ባይ» እንደምንም መኖር ነው፣ ኑሮን መግፋት። «ጌት አሎንግ» መስማማት። «ጌት ኦቨር» ከበሽታ ወይም ከሐዘን መላቀቅ። በሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን በትእዛዝ «ጌት ኦቨር ኢት» እንዳትዪ፣ እርሺው በቃ እንደማለት ነው፣ ይጎዳል። «ጌት አውት ኦቭ ሂር!» ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ተቆጥቶ ሲባል ውጪ ነው፤ ጓደኛሽ ዓይኗን አፍጥጣ እየሳቀች ካለችሽ ግን አትይኝም፣ የምርሽን ነው? ነው።

«ጌት ዩዝድ ቱ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች አሉ። «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ናይትስ» ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ። «አይ አም ጌቲንግ ዩዝድ ቱ ወርኪንግ ናይትስ» ሌሊት መሥራት እየለመድኩ ነው። ጌት ስትገባ መልመድ ይሆናል፣ ግሱም «ኢንግ» ይጨምራል። ቤተሰብ ደውሎ አሜሪካን ለመድሽው ወይ ሲልሽ በአማርኛ የምትመልሺውን በእንግሊዝኛ ለሥራ ባልደረባሽ ማለት ስትፈልጊ ይቺ ናት፦ «አይ አም ጌቲንግ ዩዝድ ቱ ኢት»።

ለውጥ አለ ካልኩት የሚያፈነግጥ አንድ አለ፣ «ሃቭ ጋት»። «አይቭ ጋት ቱ ኪድስ» ሁለት ልጆች አሉኝ ነው፣ ምንም ለውጥ የለበትም። እንግሊዞች በጣም ይወዱታል። አሜሪካኖችም ይሉታል፣ ግን ጥያቄና አፍራሽ ላይ «ዱ ዩ ሃቭ?» እና «አይ ዶንት ሃቭ» ይቀናቸዋል፤ አንቺም አሜሪካ ስላለሽ እሱን ያዢ። ለንደን ያለች ዘመድሽ «ሃቭ ዩ ጋት?» ብትል አልተሳሳተችም። «ጋትን» የምትለዋም እንዲሁ ናት። አሜሪካ «ሂ ሃዝ ጋትን ቤተር» ይባላል፣ እንግሊዝ «ሂ ሃዝ ጋት ቤተር»። አንዳንድ ሰው «ጋትን»ን አሜሪካኖች የፈጠሩት ብልሹ እንግሊዝኛ አድርጎ ይነቅፋል፣ ይኼ ልክ አይደለም። ድሮ እንግሊዝም ይባል ነበር፤ ተሰድደው የሄዱት ይዘውት ሄዱ፣ አገር ቤት የቀሩት ተዉት። «ፎርጋትን» ላይ ግን ሁለቱም ጋ እስከ ዛሬ አለ።

ለነገሩ ጌት ራሷም ከውጭ የገባች ናት። ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእንግሊዝን ሰሜንና ምሥራቅ ይዘው የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች፣ ቫይኪንጎች የምንላቸው፣ «ጌታ» ይሏት ነበር። የእኛን ጌታ እንዳይመስልሽ፣ ድምፁ ተገጣጥሞ ነው። እንግሊዞችም ከዚያው ዘር የሆነ ግስ ነበራቸው፣ ግን ብቻውን አይቆምም ነበር፤ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር እየተለጠፈ ነበር የሚሠራው። ከእነዚያ አንዱ ዛሬ «ፎርጌት» የምንለው ነው። እና ብቻዋን የቆመችው ጌት ከጎረቤት መጥታ፣ ከእነሱ ግስ ጋር ተዛምዳ ነው አሁን በየአፉ የምትዞረው።

የቀረኝ አንድ ነገር ጽሑፍ ነው። እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ለንግግር ነው። ስትናገሪ ጌትን አትፍሪያት፣ በየዓረፍተ ነገሩ ብትመጣም ማንም አይታዘብሽም። ይልቁንስ «አይ ሪሲቭድ ዩር ቴክስት» ብለሽ ለጓደኛሽ ብታወሪ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ነው የሚመስለው። ወረቀት ላይ ስትጽፊ ግን ቀንሻት። የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ቤት ድርሰት፣ እንደ አይኤልትስ ያለ ፈተና የጽሑፍ ክፍል ላይ በእሷ ፈንታ ቁርጥ ያለውን ቃል አምጪ። ለመቀበል «ሪሲቭ»፣ ለመሆን «ቢከም»፣ ለመድረስ «አራይቭ»፣ ለመረዳት «አንደርስታንድ»። እነዚህን ቀድመሽም ታውቂያቸዋለሽ፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩን እነሱን ነውና።

በሥራሽ ላይ ደግሞ ይኼ በየቀኑ ያጋጥምሻል፣ ምክንያቱም ፈረቃሽ ሲያልቅ የሠራሽውን ትመዘግቢያለሽ። አለቃሽ ጠዋት በጌት የነገረችሽን ማታ በጌት አትጽፊውም። «ጌት ሂም ድሬስድ» ያለችሽን «አሲስትድ ሬዚደንት ዊዝ ድሬሲንግ» ብለሽ ጻፊ፤ ነዋሪውን ሲለብሱ ረዳኋቸው ነው፣ «ሬዚደንት» እዚያ የሚኖሩት አዛውንት ናቸውና። «ጌት ሂም ቱ ኢት» ያለችሽን «ኢንከሬጅድ ሬዚደንት ቱ ኢት» በዪና ምን ያህል እንደበሉ ጨምሪበት። ከተበሳጩ «ሬዚደንት ቢኬም አፕሴት»፣ ከዚያ ሰዓቱንና ለማን እንደተናገርሽ። «ሂ ጋት ማድ» ብለሽ አትጻፊ፤ ያንን ለባልደረባሽ ኮሪደር ላይ ማለት ትችያለሽ፣ ፋይሉን ግን ሐኪሙም ቤተሰቡም ሊያነበው ይችላል።